የዱዋንግታ ጋን

ጋን ይሸሻል ስል ከተማ የገቡት ልጆቼ ይስቁብኛል። «እማዬ፣ ጋን ደግሞ እግር አለው?» ይሉኛል። ይሳቁ። ለዚህ ያበቃቻቸው ያቺው ጋን መሆኗን ረስተው ነው።

እኛ የኖንግሳ መንደር ሴቶች ፈትል ሰማያዊ የምንነክረው ከቤታችን ወለል በታች፣ በምሰሶዎቹ መሃል በተቀመጠ የሸክላ ጋን ነው። የቀለሙ ተክል ቅጠል ይዘፈዘፋል፣ ኖራ ይገባበታል፣ የአመድ ውሃና የሁመር ፍሬ ይጨመርበታል፣ ጥቂት የሩዝ አረቄም ይፈስበታል። ከዚያ ጋኗ አንድ ቀን ነፍስ ትዘራለች። ነፍስ ከዘራች በኋላ እንደ አራስ ነች። ጠዋትና ማታ ትማሰላለች፤ ስትራብ ትመገባለች፤ ስትጠግብ ትተዋለች። ደህና ስትሆን ፈትሉ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣና ነፋስ ሲነካው ዓይንሽ እያየ ሰማያዊ ይሆናል። ሲከፋት ግን ትሸሻለች። ሸክላው እዚያው ቁጭ ብሏል፣ ውሃውም አልጎደለም፣ እሷ ግን የለችም። ያን ጊዜ ፈትልሽን ብትነክሪው የእጣቢ ቀለም ይዞ ይወጣል፤ በቃ።

እንዳትሸሽ የምንጠብቀው ሕግ አለ። ከለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ሰባት ቀን ሳይሞላው አይጠጋትም። ወንድ ደግሞ ጭራሽ አይጠጋትም። ይህን ሁለተኛውን ማን እንዳወጣው አላውቅም። ወንዶቻችን ግን አንድ ቀን እንኳ ተቃውመውት አያውቁም፤ ከሥራ የሚያስቀርን ሕግ ማን ይቃወማል?

አክስቴ ዱዋንግታ በመንደራችን ጋኗ ሸሽታባት የማታውቅ ብቸኛ ሴት ነበረች። አክስቴ ስል የሥጋ አይደለም፤ የእናቴ እኩያ ስለሆነች ነው። አጭር ናት፣ ነገር አታበዛም፣ ጥፍሮቿ እስከ ሥራቸው ሰማያዊ ናቸው። በሃያ ሁለት ዓመቷ ባንኮክ ሄዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር። አሥራ አንድ ወር ቆይታ ተመለሰች። እናቷ ምን ሆነሽ መጣሽ ብትላት ሁለት እጇን ዘርግታ፣ «ጥፍሬ ነጣብኝ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ከኖንግሳ ርቃ ሄዳ አታውቅም። እናቷ ስትሞት ጋኗን ወረሰች፤ እኛም ጋናችን በሸሸች ቁጥር አዲሲቱን የምናስነሳበት ቀለም ከእሷ እየጠየቅን እንወስድ ነበር። አንድም ሴት ባዶ እጇን አልመለሰችም።

ባሏ አጎቴ ካምሲን ነው። እሱን የምናውቀው በስንፍናው ነበር። ከቤታቸው ስር፣ ከጋኗ አጠገብ፣ የቀርከሃ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የዓሣ ማጥመጃ ይሠራል። ይሠራል ማለቴ ይነካካል፤ ሲያልቅ ያየ ሰው የለም። «አጎቴ፣ ዓሣው እኮ በእርጅና ሊሞት ነው» እንለው ነበር። እሱም፣ «በእርጅና መሞት ምን ይጠላል?» ብሎ ይስቃል። ለጋኗ ያን ያህል መቅረቡን አንዳንዶቻችን አይተን ዝም ብለናል። የዱዋንግታ ጋን አትሸሽም፤ ለማትሸሽ ጋን ሕጉን ማን ያስታውሳል?

ነገሩ የተጀመረው ፒምጃይ ስትመጣ ነው። ፒምጃይ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት በሞተር ሳይክል የምትመጣ፣ የገጠር ሴቶችን የእጅ ሥራ ለመደገፍ የተመደበች ልጅ ነች። ጎበዝ ልጅ፤ የምትናገረውን የምታምን ዓይነት። አሥራ ሁለታችንን ሰብስባ፣ «ጣሪያውና ወለሉ የተሠራ፣ ውሃ የገባለት አዳራሽ ይሰጣችኋል። ጋኖቻችሁን አንድ ላይ ታደርጋላችሁ፣ ልጃገረዶቹም መጥተው ይማራሉ» አለችን። የማኅበሩ ጸሐፊ አድርገው የመረጡት እኔን ነበር፤ እልል ማለት ቀረኝ እንጂ። በዝናብ ወራት ከቤታችን ስር የሚገባው ጎርፍ ስንት ጋን እንዳጠፋብን እኛ እናውቃለን።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አዳራሹን የሚረከብ ማኅበር በስም የተመዘገበች አንዲት ባለሙያ ሊኖረው ይገባል። ባለሙያዋ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ሦስት ጋን ትከፍታለች፤ የትኛዋ ደህና እንደሆነች፣ የትኛዋ ልትሸሽ እንደተዘጋጀች፣ የትኛዋ እንደሸሸች ትናገራለች። ባለሙያ ከሌለን አዳራሹ ለጎረቤት መንደር ይሰጣል። እኛ ሁላችን ዞረን ዱዋንግታን አየናት። እሷ መሬት መሬት አየች።

«ጉልበቴን ያመኛል» አለች።

«ተቀምጠው ነው የሚያዩት፣ እማማ» አለች ፒምጃይ።

«የእናቴ ጋን ከቤቴ አትወጣም።»

«እሺ፣ የእርስዎ እዚያው ትቅር። እርስዎ ብቻ ይምጡ።»

ዱዋንግታ ተነስታ ሄደች። ሳምንት ሙሉ ለመንናት። ከአሥራ ሁለታችን አንዷ ሶምጂት ሩዝና ዶሮ ይዛ ሄደች፤ ዶሮዋን ተቀብላ እሺታዋን ነፈገቻት። ሶምጂት የሕግ ሰው ነች፤ ለጋኗ በየወሩ አበባ የምታኖር፣ ከለቅሶ ስትመለስ ስድስተኛው ቀን ላይ እንኳ በሩቁ የምትዞር። «ትልቅ ሰው ነች፣ ምክንያት ይኖራታል» አለችን። እኔ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ትዕግሥት ድሮም ብዙ የለኝም።

አንድ ከሰዓት ሄጄ ፈትል ስታሰጣ አገኘኋት። ካምሲን እንደ ልማዱ በርጩማው ላይ ነበር።

«አክስቴ፣ በእኔ በኩል የመጨረሻዬ ነው። ትመጫለሽ አትመጪም?»

«አልመጣም አልኩ።»

«ታዲያ ጥበብሽን ይዘሽ ልትቀበሪ ነው? እናትሽ ለአንቺ ሰጠች። አንቺ ለማን ልትሰጪ ነው? ለዚህ ሰውዬ? ምስጥ እንኳ ጓዳውን ለልጁ ያወርሳል።»

ካምሲን ቀና ብሎ አየኝ። ሳቅ የለም። ዱዋንግታ ፈትሉን አራግፋ ሰቀለችና ደረጃውን ወጣች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉት ይኼንን ነው። እኔም በውስጤ እየተቃጠልኩ፣ በአፌ ግን ደግ አደረግኩ እያልኩ ተመለስኩ።

ኮሚቴው በመጣበት ጠዋት እሷም መጣች። ጥቁር ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን አስራ፤ ካምሲን ከኋላዋ። ሦስት ጋኖች ለዕለቱ በተጣለ ዳስ ውስጥ ተደርድረዋል። ከሦስታችን ቤት የመጡ ናቸው፤ የማን የትኛዋ እንደሆነች አልተነገራትም። ካምሲን አብሯት ሊገባ ሲል ሶምጂት ክንዷን ዘርግታ አስቆመችው።

«አጎቴ፣ አንተ ከወንዶቹ ጋር ውጭ ጠብቅ እንጂ። ጋኖቹ አሉ።»

ሰውየው ሚስቱን አያት። እሷም አየችው። ከዚያ እሺ ብሎ ወጥቶ ከማንጎው ዛፍ ስር ቆመ። ሶምጂት ያደረገችው ልክ ነበር፤ ማናችንም ብንሆን እንደዚያው እናደርግ ነበር።

ዱዋንግታ የመጀመሪያዋን ጋን ከፈተች፤ አጎነበሰች፤ ቀና አለች። ሁለተኛዋን ከፈተች። ሦስተኛዋን ከፈተች። ሦስቱም አረፋቸው ሰማያዊ ነው። አረፋ ደግሞ ሐሜተኛ ነው፤ ወሬውን የሚያመጣልሽ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ጋን ልትሸሽ ስትል ቀድሞ የሚያውቀው አፍንጫ ነው። ከኮሚቴው አንዱ ሰዓቱን አየ። ፒምጃይ እርሳሷን ይዛ ፈገግ ብላለች። አክስቴ ወደ ማንጎው ዛፍ አየች።

«አይሸተኝም» አለች።

«ምን አሉ እማማ?»

«ምንም አይሸተኝም። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ትኩሳት ይዞኝ ተኝቼ ስነሳ አፍንጫዬ ሞቶ ነበር። ዓሣ ሲበሰብስ እንኳ አላውቅም።» ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። «ጋኔን የሚያሸትልኝ ካምሲን ነው። ጠዋትና ማታ። የነገርኳችሁ ሁሉ፣ የሰጠኋችሁ ቀለም ሁሉ፣ በእሱ አፍንጫ ነው። አሁን ጥሩት ወይም ሂዱ በሉኝ።»

አንድ ሴት፣ «የጋኗ ነፍስ ትማረን» ብላ አፏን ያዘች። ሶምጂት ፊቷ አመድ መሰለ። ሁለት ዓመት ሙሉ በወንድ እስትንፋስ የቆየች ጋን፣ የሁላችንም ጋን ከእሷ የተቀዳ! እኔ ስለ ሕጉ አላሰብኩም። ያሰብኩት ያንን በርጩማው ላይ ተቀምጦ በስንፍናው ስንስቅበት የነበረውን ሰው ነው። ስሙን ቢያጸዳ ምስጢሯ ይወጣል፤ ስለዚህ ሳቃችንን ሲጠጣ ከረመ። ማንንም ሳልጠይቅ ወጣሁና እጁን ይዤ አስገባሁት።

ካምሲን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በየተራ አጎነበሰ። «ይቺ ደህና ነች፣ ትንሽ ርቧታል። ይቺ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ትሄዳለች፤ ጎምዝዛለች፣ የአመድ ውሃ ይድረስላት። ይቺ...» ራሱን ነቀነቀ። «ይቺ እንኳ ከሄደች ቆይታለች። የማን ናት?»

የእኔ ነበረች። ደህና ነች ብዬ ነበር ያመጣኋት።

ኮሚቴው ማኅበሩ የሴቶች ነው፣ ፎርሙ ላይ ወንድ አይገባም ብሎ ተከራከረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ፒምጃይ ግን ቀልጣፋ ነች፤ በዱዋንግታ ስም መዘገበችና «ረዳት» የሚል ቃል አስከትላ የሰውየውን ስም ጻፈች። አዳራሹ ተሰጠን። ሶምጂት ግን ጋኗን ከሁላችንም ለይታ ጥግ አስቀመጠችና ዙሪያዋን መነኮሳት የባረኩት ነጭ ክር አሰረችባት። ለአራት ወር ዱዋንግታን እጅ በመንሳት ብቻ ታልፋት ነበር።

ጋኖቻችን አልሸሹም። ምን እናድርግ፣ አልሸሹም። ዱዋንግታ በመጨረሻ የራሷንም ጋን ወደ አዳራሹ አመጣች። እሷ በእጇ፣ እሱ በአፍንጫው፣ ለአሥራ ስምንት ወር አስተማሩን። ልጃገረዶቹ ሲሳሳቱ እሷ ትቆጣለች፣ እሱ ይቀልዳል። ጎህ ሲቀድ ሁለቱ ተከታትለው ሲመጡ፣ እሱ አጎንብሶ አንድ ቃል ሲላት፣ እሷም ለዚያች ቃል የሚስማማውን ስታደርግ አይ ነበር። «ርቧታል» ካለ ትመግባታለች። «ዛሬ አትንኪያት» ካለ ከድና ትሄዳለች። ትዳር ምን እንደሆነ እኔ ባሌን ከቀበርኩ በኋላ ከእነሱ ተማርኩ ብል ውሸት የለበትም።

ባለፈው የዝናብ ወር ካምሲን ከቁርስ በኋላ ጋደም እንዳለ ቀረ። ደረቱ ነበር አሉ።

መንደሩ ሁሉ ለቅሶ ቤት ገባ፤ ከእሷ በቀር አሥራ አንዳችንም ሩዝ በመቀቀልና እንግዳ በማስተናገድ ላይ ልንውል ነው። ግን ለቅሶ ቤት የገባች ሴት ሰባት ቀን ወደ ጋን አትደርስም። እኛ ሁላችን ከገባን ጋኖቹን ማን ያማስላል? ያን ጊዜ ሶምጂት፣ «እኔ እቀራለሁ» አለች። በእኛ አገር ጎረቤት ሞቶ ለቅሶ መቅረት ዕድሜ ልክ የሚወራ ነውር ነው። እሷ ያንን ነውር ተሸከመችና አዳራሽ ገብታ ብቻዋን አሥራ ሁለት ጋን ጠበቀች። ዱዋንግታ አላለቀሰችም። ተቀምጣ ሰው ስትቀበል፣ ሰው ስትሸኝ ሰባት ቀን አለፈ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ተጠራርተን ሄድን። ገና በሩ ላይ ስደርስ አፍንጫዬን መታኝ፤ የበሰበሰ ሁመር ሽታ፣ ከዱዋንግታ ጋን በኩል። ሶምጂት ከጋኗ አጠገብ ቆማለች፤ ሰባት ቀን እንቅልፍ ያላየች ትመስላለች። ዱዋንግታ ቀስ ብላ ሄደችና ክዳኑን አነሳች። ሰማያዊ አረፋ አለ። ከልማዷ ወደ ጎን ዞር አለች፤ ካምሲን ይቆምበት ወደነበረው ጎን። ከዚያ ሰው አለመኖሩ ትዝ ሲላት ወደ ሶምጂት ተመለሰች።

«እንዴት ነች?»

«ደህና ነች» አለች ሶምጂት። «ደህና ነች አክስቴ። አንቺን ስትጠብቅ ነበር።»

ሁላችን ሸቶናል። ሁላችንም በአዎንታ ራሳችንን ነቀነቅን። ትናንት ባሏን የቀበረች ያህል ነው፤ ዛሬ ደግሞ የእናትሽ ጋን ሞታለች ብሎ የሚነግራት ምን አንጀት አለው? በኋላ ቀስ ብለን ከሌላ ጋን ቀድተን እናስነሳታለን ብዬ አሰብኩ። እያንዳንዷም እንደዚያው ማሰቧን በኋላ ሰማሁ።

ዱዋንግታ እጅጌዋን ሰብስባ አንድ ቱባ ፈትል አስገባች። አሸችው፣ ጨመቀችው፣ አወጣችው። ነፋሱ ላይ ያዘችው። እኛ ከበን እናያለን። ፈትሉ አመድማ ነበር፤ አመድማ ሆኖ ቀረ። አንድ ጊዜ አገላበጠችው፤ ምናልባት ይዘገይ ይሆናል ብላ ይሆናል። አልዘገየም፤ ቀለሙ የለም።

ፈትሉን ጋኗ አፍ ላይ አኖረችውና ከእኛ ጋር ሳይሆን ከራሷ ጋር እንደምትነጋገር፣ «ካምሲን አርባ ዓመት ዋሽቶኛል» አለች። «ጠጥቶ አልጠጣሁም ብሎኛል። ዶሮ ሽጦ ቀበሮ በላት ብሎኛል። በጋን ግን አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም።» ሰባት ቀን ያልመጣ እንባ ያን ጊዜ መጣ። ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ እንደ ልጅ።

ሶምጂት እግሯ ስር ወደቀች። «እኔ ነኝ የገደልኳት፣ አክስቴ። በእጄ እንዳትሞት ፈራሁ። ሌሎቹን በቀን ሁለቴ መገብኩ፤ ያንቺን ግን የራባት እየመሰለኝ አራቴ፣ አምስቴ። ከትናንት ወዲያ ሄደች። ልነግርሽ አፌ እንቢ አለኝ።»

ዱዋንግታ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አኖረችላት። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ እኔን አየችኝ።

«አንቺስ ራትሪ? መቼ ሸተተሽ?»

«በሩ ላይ» አልኩ።

«ታዲያ?»

ያ ለስድብ ሲሆን የሚፈጥነው አፌ ተለጉሞ ቀረ።

ጋኗን አራት ሆነን ተሸክመን ሙዝ ሥር ደፋናት። ዱዋንግታ ሸክላውን በእጇ አጠበችው፤ በፀሐይ አደረቀችው። በማግስቱ አዲስ ቅጠልና አዲስ ኖራ ገባበት። አሁን ጠዋት ጠዋት የሚያሸትላት ሰው ያስፈልጋታል፤ ሁላችንም ተዘጋጅተናል። እኔ በተለይ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፣ አፍንጫዬም ከካምሲን ተምሮ ተስተካክሏል፣ ደግሞ ካምሲንን እጁን ይዤ ያስገባሁት እኔ ነበርኩ። ምርጫዋ እኔ ነኝ ብዬ ፊት ለፊቷ ቆሜያለሁ።

እሷ ግን፣ «ሶምጂት፣ ነይ» አለች።

ሶምጂት ራሷ ደነገጠች። «እኔ? እኔ እኮ ዋሽቼሻለሁ።»

«ዋሽተሻል። አንዴ ዋሽታ ያለቀሰች ሴት ሁለተኛ አትዋሸኝም» አለች ዱዋንግታ። ወደ እኔ ዞር እንኳ ሳትል፣ «እኔ የምፈራው እያወቀ ዝም የሚለውን ሰው ነው» ብላ ጨመረች።

ይኸው አምስት ወር ሆነ። ሶምጂት ታጎነብሳለች፣ አንድ ቃል ትላለች፣ ዱዋንግታ የሚስማማውን ታደርጋለች። አዲሲቱ ጋን ነፍስ ዘርታለች፤ ቀለሟ ግን ገና ሳሳ ይላል። እኔም በየጠዋቱ በአጠገባቸው ሳልፍ ቆም ብዬ አሸታለሁ። «ርቧታል» እላለሁ ጮክ ብዬ፣ ወይም «ዛሬ ደህና ነች»፣ ወይም «ጎምዝዛለች»። የሚጠይቀኝ የለም። ዱዋንግታም ቀና ብላ አታየኝም። እኔ ግን አንድ ጠዋት እንኳ ሳልናገር አልፌ አላውቅም።